እውነተኛ የጎልፍ ሜዳን በጨዋታ ውስጥ መልሶ መሥራት፦ ከመሬቱ ከፍታ እስከ ባንዲራው ቦታ

እውነተኛ የጎልፍ ሜዳን በጨዋታ ውስጥ ለመሥራት የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ በዛፍና በክለብ ቤት ይጀምራል። ፎቶ ላይ ጎልቶ የሚታየው እሱ ስለሆነ አያስገርምም። ሜዳውን ተጫውቶበት የሚያውቅ ሰው ግን ሥራችሁን የሚመዝነው ኳሷ መሬት ከነካች በኋላ ነው። ወዴት አዘነበለች? የት ቆመች? ከባንከሩ (በአሸዋ ከተሞላው ዝቅታ) ጠርዝ ላይ ተንሸራታ ገባች ወይስ አለፈች? ይህን የሚወስነው የመሬቱ ከፍታ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚከተለው ቅደም ተከተል አንድ ነገር አይለቅም፦ መሬቱ ተለክቶ ሳያልቅ ሣርም ዛፍም አይተከልም።

መንገዱ ሁለት ነው። የኮንሶል ተጫዋቾች በፒጂኤ ቱር 2ኬ ተከታታይ ጨዋታዎች ውስጥ ባለው ኮርስ ዲዛይነር መሬቱን በብሩሽ በእጃቸው ይቀርጻሉ። ኮምፒውተር ያላቸው ደግሞ ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካ የከፍታ መረጃ፣ ማለትም ላይዳር፣ ወስደው ወደ ዲዛይነሩ ማስገባት ይችላሉ። ዘ ጎልፍ ክለብ 2019 ለተባለው ጨዋታ ይህን የሚያደርግ ነጻ መሣሪያ አለ፤ ለጂኤስፕሮ ሲሙሌተር የሚሠሩ ሜዳዎችም ዩኒቲ በተባለው የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር የሚገነቡት በዚሁ ዓይነት መረጃ ነው። የሁለቱም መንገድ መሠረት ግን አንድ ነው።

የትኛው ሜዳ፣ የየትኛው ዓመት?

የጎልፍ ሜዳ ባለበት አይቆምም። የካሊፎርኒያው ፔብል ቢች 5ኛ ጉድጓድ (ጉድጓድ የምንለው ከመጀመሪያው ምት እስከ ባንዲራው ቀዳዳ ያለውን አንዱን የሜዳ ክፍል ነው) ለረጅም ዘመን ከባሕሩ ርቆ ወደ ውስጥ የገባ ነበር፤ ጃክ ኒክላውስ የነደፈው የአሁኑ ጉድጓድ በገደሉ ዳር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የኦገስታ ናሽናል 13ኛ ጉድጓድ ቲ (የመጀመሪያው ምት የሚመታበት ቦታ) ለ2023ቱ ውድድር ወደ ኋላ ተገፍቶ ርዝመቱ ከ510 ወደ 545 ያርድ አድጓል። ፓይንኸርስት ቁጥር 2 ደግሞ በ2010 እና 2011 ሲታደስ ለምለሙ ራፍ (በዳር የሚተው ረጅም ሣር) ተነስቶ ቦታው ለአሸዋና ለዱር ሣር ተለቋል። የ2005 የአየር ፎቶ ከ2024 የውጤት ካርድ ጋር የሚቀላቅል ሰው በየትኛውም ዘመን ያልነበረ ሜዳ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ዓመት ቁረጡ፤ የአየር ፎቶው፣ ካርዱና ቪዲዮው ሁሉ ከዚያ ዓመት ወይም ከዚያ እጅግ ከቀረበው ይሁን። በጉግል ኧርዝ ፕሮ የቆዩ ምስሎችን በየዓመቱ እያገላበጡ ማየት ስለሚቻል ለውጡ መቼ እንደሆነ ለማጣራት ከዚያ የቀለለ መንገድ የለም።

ለመጀመሪያ ሥራ ሴንት አንድሩስ ኦልድ ኮርስን አትምረጡ። ዝነኛ ስለሆነ ይማርካል፤ ግን 7 ጥንድ ግሪኖች (ግሪን ቀዳዳው ያለበት አጭር ሣር ነው፤ እነዚህ እያንዳንዳቸው ለሁለት ጉድጓድ ያገለግላሉ)፣ 112 ያህል ባንከሮች፣ እርስ በርስ የሚቀላቀሉ ፌርዌዮች (ከቲ ወደ ግሪን የሚወስድ የታጨደ ሣር) እና በዓይን የማይያዝ ጥቃቅን የመሬት እጥፋት አለው። ጀማሪን የሚያስተምረው መጠነኛ ከፍታና ዝቅታ ያለው፣ ዛፉ ያልበዛ፣ ግሪኖቹ የተለያዩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ላይዳር የተለካበት ሜዳ ነው።

መረጃውን ሰብስቡ

ዲዛይነሩን ከመክፈታችሁ በፊት የሚከተሉት በአንድ ፎልደር ውስጥ ይግቡ፦

— የውጤት ካርዱ፣ የሁሉም ቲዎች ርዝመት ያለበት።
— ሁለት የአየር ፎቶ፦ አንዱ ዛፍ ቅጠል የለበሰበት፣ ሌላው ቅጠል የረገፈበት። የፌርዌዩ ጠርዝ በዛፍ ጥላ የሚደበቅበት ቦታ በሁለተኛው ላይ ይገለጣል።
— የከፍታ መረጃ።
— ከመሬት ላይ የተነሱ ፎቶዎች፣ በተለይ ከቲ ወደ ፊትና ከግሪን ጀርባ ወደ ኋላ የሚያዩ።
— የውድድር ስርጭት ቪዲዮ። ፑት (በግሪን ላይ ኳሷን ወደ ቀዳዳው ማንከባለል) ሲደረግ ኳሷ የምትታጠፍበት አቅጣጫ ስለ ግሪኑ ከየትኛውም ፎቶ በላይ ይናገራል።

በከፍታ መረጃው ላይ አትቸኩሉ። ከሳተላይት የተገኙት ዓለም አቀፍ የከፍታ ካርታዎች አንድ ፒክስላቸው 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ ይህ 900 ካሬ ሜትር ማለት ነው። አንድ መደበኛ ግሪን ደግሞ 500 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ግሪኑ በሙሉ፣ ከነደረጃው ከነባንከሩ፣ በአንዲት የከፍታ ቁጥር ውስጥ ይሰጥማል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ካርታ የኮረብታውን አጠቃላይ ቅርጽ ለማወቅ ይበቃል፤ ከዚያ አያልፍም። የሚፈለገው 1 ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ፒክስል ያለው ነው። ለአሜሪካ ሜዳዎች የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በነጻ ይሰጣል፤ ለእንግሊዝ ኢንቫይሮመንት ኤጀንሲ፣ ለኔዘርላንድስ ኤኤችኤን የተባለው ብሔራዊ የከፍታ መረጃ፣ ለአውስትራሊያ ኤልቪስ የተባለው ድረገጽ አለ።

ልኬቱ የሚበላሽበት ቦታ

ብዙ ሥራ ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ስህተቱ ወዲያው አይታይም። የኢንተርኔት ካርታዎች በአብዛኛው ዌብ መርካተር የተባለውን የካርታ አዘረጋግ ይጠቀማሉ። ይህ አዘረጋግ ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር መሬቱን ይለጥጠዋል። ፔብል ቢች ላይ ልጠጣው 1.25 እጥፍ ገደማ ነው፤ ሴንት አንድሩስ ላይ 1.8 እጥፍ ይደርሳል። በዚህ ካርታ ሜትር ብሎ የተወሰደ 100 በሴንት አንድሩስ መሬት ላይ 55 ሜትር ብቻ ነው። ቅርጹ ትክክል መስሎ ስለሚታይ ግሪኖቹ ለምን እንደገዘፉ የሚገባችሁ ለመጫወት ስትሞክሩ ነው።

መድኃኒቱ ሁሉንም ነገር፣ ከፍታውንም የአየር ፎቶውንም፣ ወደ ዩቲኤም፣ ማለትም ምድርን በዞን ከፍሎ በሜትር ወደሚለካ የካርታ አዘረጋግ፣ ማዞር ነው። ለፔብል ቢች ዞን 10 ሰሜን፣ ለሴንት አንድሩስ ዞን 30 ሰሜን፣ ለፍሎሪዳው ቲፒሲ ሶግራስ ዞን 17 ሰሜን። ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ፕሮግራም ውስጥ ራስተሩን (በፒክስል የተሠራውን ካርታ) ዋርፕ የሚለው ትእዛዝ ይህን ያደርጋል። ሲያዞር ናሙና የሚወስድበትን ዘዴ ኪዩቢክ ወይም ባይሊኒየር አድርጉት፤ ፕሮግራሙ በራሱ የሚመርጠው የቅርብ ጎረቤት ዘዴ መሬቱን ደረጃ ደረጃ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ጫማና ሜትር ነው። አንዳንድ የአሜሪካ መረጃ ከፍታውን በጫማ ይሰጣል። አግድሙ በሜትር ሆኖ ከፍታው በጫማ ከቀረ ኮረብታው 3.28 እጥፍ ይገዝፋል። የሜዳውን ከፍተኛና ዝቅተኛ ነጥብ ልዩነት አስሉና በጉግል ኧርዝ ከሚታየው ጋር አስተያዩት፤ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው።

ያርድን ወደ ሜትር ለመለወጥ በ0.9144 ማባዛት ነው። የፔብል ቢች 7ኛ ጉድጓድ 106 ያርድ ስለሆነ 96.9 ሜትር፣ የሶግራስ 17ኛ ጉድጓድ 137 ያርድ ስለሆነ 125.3 ሜትር፣ የኦልድ ኮርስ 17ኛ ጉድጓድ 495 ያርድ ስለሆነ 452.6 ሜትር ይሆናል። ካርታችሁ ላይ ከቲ እስከ ግሪን ስትለኩ እነዚህን የመሰሉ ቁጥሮች ካልወጡ ወደ ፊት አትሂዱ።

የከፍታ ካርታውን ማዘጋጀት

ጥሬው የላይዳር ፋይል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የምድብ ቁጥር አለው፦ 2 መሬት፣ 5 ረጅም ተክል፣ 6 ሕንፃ፣ 9 ውሃ፣ 17 ድልድይ። ለከፍታ ካርታ ምድብ 2ን ብቻ አስቀሩ፤ ከዚያ በ0.5 ወይም በ1 ሜትር ፒክስል ወደ ራስተር ለውጡት። ምድብ 5 ሳይወጣ ከቀረ ዛፎቹ በሜዳው ላይ እንደ ሾጣጣ ጉብታ ይበቅላሉ። ሌሎቹን ነጥቦች ግን አትጣሏቸው፤ ዛፍ ስንተክል ያስፈልጉናል።

ቀጥሎ ካሬ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከሜዳው ጠርዝ ውጪ በየአቅጣጫው ቢያንስ 150 ሜትር ጨምሩ፤ አለዚያ ተጫዋቹ ከዳር ጉድጓድ ሲመታ ዓለም የሚያልቅበትን ያያል። ወደ ዩኒቲ የምትወስዱት ከሆነ የካርታው ስፋት በፒክስል 1025፣ 2049 ወይም 4097 መሆን አለበት። ለ2,000 ሜትር ካሬ መሬት 2049 ፒክስል ማለት በየ98 ሴንቲሜትሩ አንድ ከፍታ ነው፤ 4097 ደግሞ በየ49 ሴንቲሜትሩ። ለባንከር ጠርዝ የሚበቃው ሁለተኛው ነው።

ካርታውን ሁልጊዜ በ16 ቢት አስቀምጡ። ምክንያቱ ግልጽ ሒሳብ ነው፦ የሜዳው ከፍታ ልዩነት 50 ሜትር ቢሆን 8 ቢት ፋይል ያንን የሚከፍለው በ255 ደረጃ ነው፤ አንዱ ደረጃ 20 ሴንቲሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለ ግሪን ላይ ፑት ማድረግ የደረጃ ቤት ውስጥ ኳስ ማንከባለል ነው። በ16 ቢት አንዱ ደረጃ ከ1 ሚሊሜትር ያንሳል። ፋይሉን ስታወጡ ዝቅተኛው ከፍታ 0፣ ከፍተኛው 65535 እንዲሆን አድርጉና ሁለቱንም እውነተኛ ቁጥሮች በወረቀት ላይ ጻፉ። በዲዛይነሩ ውስጥ የመሬቱ ጠቅላላ ቁመት ሆኖ የሚገባው የሁለቱ ልዩነት ነው።

መሬቱ ሲገባ እንደ እሾህ ከተበታተነ የባይቱ ቅደም ተከተል ተገልብጧል ማለት ነው፤ ሲያስገቡ ሌላኛውን አማራጭ መምረጥ ይበቃል። ቅርጹ ደህና ሆኖ 1ኛው ጉድጓድ በተቃራኒ አቅጣጫ ከታየ ደግሞ ካርታው ከሰሜን ወደ ደቡብ ተገልብጧል። ይህን ሳያስተውሉ ሜዳውን በሙሉ እንደ መስታወት ምስል የሠሩ አሉ፤ ስለዚህ አንድ የማይሳሳት ምልክት፣ ለምሳሌ ባሕሩን፣ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ላይዳር ከሌለ ወይም ኮንሶል ላይ ከሆናችሁ

በእጅ የተሠራ ሜዳም እጅግ ሊቀርብ ይችላል፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። በአየር ፎቶው ላይ በየ100 ሜትሩ የካሬ መረብ ሳሉ። ለእያንዳንዱ መገናኛ ከፍታውን ከጉግል ኧርዝ ወይም ከቶፖግራፊ ካርታ አንብቡና ጻፉ። 1,200 ሜትር በ900 ሜትር ለሆነ ሜዳ 130 ነጥቦች ይሆናሉ። በዲዛይነሩ ውስጥ በየመገናኛው አንድ ትንሽ ድንጋይ ወይም ምሰሶ አስቀምጡ፤ ከፍታውን በዚያ ነጥብ ላይ አስተካክሉ፤ በኋላ ሁሉንም ታጠፏቸዋላችሁ።

ብሩሽ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰፊው ብሩሽ የኮረብታውንና የሸለቆውን አካል ያወጣል፤ ቀጥሎ መካከለኛው ፌርዌዩ ላይ ያለውን ጉብታና ዝቅታ፤ ትንሹ ብሩሽ ለግሪንና ለባንከር ብቻ ይቆያል። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው የሠራውን ግሪን በኋላ በሰፊ ብሩሽ ራሱ ያጠፋዋል። የብሩሹን ኃይል ዝቅተኛ አድርጉ፤ አሥር ጊዜ በቀስታ ማለፍ አንዴ በኃይል ከመግፋት የተሻለ ተዳፋት ይሰጣል።

ከፍታን ማጋነን የሚፈትን ነገር ነው። በስክሪን ላይ መሬት ከእውነቱ ይልቅ ጠፍጣፋ መስሎ ስለሚታይ እጅ በራሱ ይጨምራል። አትጨምሩ። የጨዋታው ፊዚክስ የሚያሰላው በእውነተኛው ቁጥር ነው፤ በግርድፉ ግሪኑ ከቲው በ3 ጫማ ዝቅ ባለ ቁጥር ጉድጓዱ በ1 ያርድ ያህል ያጥራል። በ10 ሜትር ብታጋንኑ የተጫዋቹ ምርጫ በአንድ ክለብ (የመምቻ ዱላ) ይለወጣል።

ቲና ግሪን

አሁን የየጉድጓዱን ቲና የግሪን መሃል ትከሉ። የካርድ ርዝመት የሚለካው ከቋሚው የቲ ምልክት እስከ ግሪኑ መሃል በአግድም ነው፤ የመሬቱን መውጫና መውረጃ አይከተልም። በሚታጠፍ ጉድጓድ ላይ ልኬቱ በማረፊያው ቦታ በኩል ይዞራል። ስለዚህ ጨዋታው ውስጥ ያለውን የማረፊያ ነጥብ በትክክል ካላስቀመጣችሁ ቲውና ግሪኑ በቦታቸው ሆነው እንኳ ቁጥሩ ይሳሳታል። በካርዱና በጨዋታው መካከል እስከ 3 ያርድ ልዩነት ቢኖር ግድ የለም። ከ5 ያርድ በላይ ከሆነ ምክንያቱን ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ካርዱና ፎቶው የተለያየ ዘመን ናቸው።

ከ18ቱ ውስጥ 17ቱ ልክ ሆነው አንዱ ብቻ ከተሳሳተ ያንን ለብቻው አርሙ። ሁሉም በተመሳሳይ መቶኛ ካጠሩ ወይም ከረዘሙ ግን በሽታው ልኬቱ ላይ ነው፤ ወደ ዩቲኤሙ ተመለሱ።

ግሪኖች

ጊዜያችሁን የምታፈሱበት ቦታ ይህ ነው። ላይዳር ስላለ ግሪኑ በራሱ ትክክል ይወጣል ብሎ ማሰብ ትልቁ ስህተት ነው። በአሜሪካ የተለመደው የጥራት ደረጃ በካሬ ሜትር 2 ነጥብ ነው፤ በነጥቦቹ መካከል 70 ሴንቲሜትር ገደማ ርቀት አለ። ሁለት ጎረቤት ነጥቦች በ3 ሴንቲሜትር ብቻ ቢሳሳቱ በመካከላቸው ከ4 በመቶ በላይ የሆነ የሐሰት ዝንባሌ ይፈጠራል። እውነተኛ የፒን (የባንዲራው ቀዳዳ) ቦታ ላይ ያለው ዝንባሌ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 በመቶ ነው። ስህተቱ ከእውነቱ ይበልጣል ማለት ነው፤ ኳሷ እየተንቀጠቀጠች የምትሄደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በግሪኑ ክልል ውስጥ ብቻ ከፍታውን ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ራዲየስ ባለው አማካይ አለስልሱ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ የግሪኑ ደረጃዎች ይቀልጣሉ። ካለሰለሳችሁ በኋላ በየ5 ሴንቲሜትሩ የከፍታ መስመር አውጡና ተመልከቱ፦ መስመሮቹ ረጋ ብለው መታጠፍ አለባቸው። ጥርስ ጥርስ ካላቸው ማለስለሱ አንሷል፤ ደረጃ ነበረበት ተብሎ በሚታወቅ ቦታ ላይ ተበታትነው ከታዩ ደግሞ በዝቷል።

በእጅ ለሚሠራ ሰው መንገዱ ይህ ነው። ግሪኑን በአንድ ዝንባሌ ጀምሩ፤ አብዛኛው ግሪን ከኋላ ከፍ ብሎ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። 25 ሜትር ጥልቀት ያለው ግሪን በ2 በመቶ ሲያዘነብል ከኋላ እስከ ፊት 50 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ይህን ካረጋገጣችሁ በኋላ ደረጃውን፣ ጉብታውንና ውሃ የሚወጣበትን ዝቅታ ጨምሩ። ውሃ ከግሪኑ ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ መውጣት አለበት፤ የሠራችሁት ግሪን መሃሉ ላይ ኩሬ የሚያቁር ከሆነ የትም ቦታ ያለ ግሪን አይመስልም። እንደ ፓይንኸርስት ቁጥር 2 ያሉት ግሪኖች ደግሞ ጠርዛቸው በዙሪያው ወደ ታች ይወድቃል፤ እዚያ ላይ የግሪኑን ሣር ክብ ሳትቆርጡ ተዳፋቱ ራሱ ከሣሩ መስመር ውስጥ እንዲጀምር አድርጉ፤ ኳሷን ከግሪን የሚያስወጣት እሱ ነው።

የግሪኑን መጠን አስታውሱ። የፔብል ቢች ግሪኖች በአማካይ 3,500 ካሬ ጫማ ያህል ናቸው፣ ማለትም 325 ካሬ ሜትር። በእጅ የሚሠራ ሰው ይህን ሳያስተውል ወደ 500 ያሰፋዋል፤ ያኔ የሜዳው ዋናው መከላከያ ይጠፋል።

ባንከር

የባንከሩን ዙሪያ ከአየር ፎቶ መገልበጥ ቀላል ነው። ጥልቀቱ ነው ችግሩ፤ ላይዳር እንኳ ቀጥ ያለውን ግድግዳ ያለሰልሰዋል። እዚህ ላይ ጥላ ይረዳል። የባንዲራ እንጨት እንዲሆን የሚመከረው ቢያንስ 7 ጫማ፣ 2.13 ሜትር ነው። በአንድ ፎቶ ላይ የባንዲራውን ጥላና የባንከሩን ጠርዝ ጥላ ለኩ። የባንከሩን ጥላ ለባንዲራው ጥላ አካፍላችሁ በ2.13 አባዙ፦ የባንዲራው ጥላ 3 ሜትር፣ የጠርዙ 1.4 ሜትር ከሆነ ጥልቀቱ 1 ሜትር ገደማ ነው። የባንከሩ ወለል ዘንበል ያለ ከሆነ ውጤቱ ግምት ብቻ እንደሆነ እወቁ፤ ከመሬት በተነሳ ፎቶ ሰው ቆሞበት ካለ አስተያዩት።

በሴንት አንድሩስ እንዳሉት በሣር ንጣፍ ተደራርቦ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ለከፍታ ካርታ ይከብደዋል። በ1 ሜትር መረብ ላይ 1.5 ሜትር የሚወርድ ግድግዳ ቢሠራ ሣሩ ይለጠጣል፣ ጠርዙም ይደነዝዛል። የተሻለው አንድም በዚያ ቦታ ላይ መረቡን ማጥበቅ፣ አለዚያም ዲዛይነሩ የግድግዳ ዕቃ ካለው መሬቱን በጥቂቱ አዘንብሎ ዕቃውን ፊቱ ላይ መትከል ነው። ከሁሉ የሚረሳው ግን ወደ ባንከሩ የሚያስገባው መሬት ነው። በኦልድ ኮርስ 17ኛ ጉድጓድ ያለው የሮድ ሆል ባንከር የሚፈራው ጥልቅ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው መሬት ኳሷን ወደ እሱ ስለሚሰበስብ ነው። ባንከሩን በሠራችሁ ቁጥር ዙሪያውን ከ5 እስከ 8 ሜትር ተመልከቱ።

ፌርዌይ፣ ራፍ፣ ውሃ

ጠርዞቹን በብሩሽ ሳይሆን ነጥብ እያስቀመጡ በሚሳል መስመር ሥሩ። ነጥብ አታብዙ፤ በየ10 እስከ 15 ሜትሩ አንድ ነጥብ ለፌርዌይ ይበቃል፤ ከበዛ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ራፍ፣ በላዩ ፌርዌይ፣ በላዩ ፍሪንጅ (ግሪኑን የሚከብ ጠባብ ሣር)፣ በመጨረሻ ግሪንና ባንከር። የራፍ ቁመት ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አስቡ፤ አንድ ዓይነት ራፍ ሜዳውን በሙሉ ከሸፈነው ሜዳው ሕይወት ያጣል።

የላይዳር ጨረር ውሃ ላይ በአብዛኛው ተመልሶ ስለማይመጣ ኩሬዎች ባዶ ቀዳዳ ወይም የተሰባበረ መሬት ሆነው ይገባሉ። የኩሬውን ክልል ከጠርዙ ዝቅተኛ ነጥብ ከ1 እስከ 2 ሜትር ወደ ታች አውርዱና የጨዋታውን ውሃ በጠርዙ ከፍታ ላይ አድርጉ። እንደ ፔብል ቢች ባሉ የባሕር ዳር ሜዳዎች ገደሉ ሌላ ችግር ያመጣል፦ የከፍታ ካርታ ለአንድ ነጥብ አንድ ከፍታ ብቻ ስለሚይዝ ወደ ውጭ የተንጠለጠለ አለት ሊሠራ አይችልም። ገደሉን የሚሸፍነው በተለያየ ማእዘን የተዞረና ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ የአለት ዕቃ ነው።

ዛፍ

ያስቀመጣችሁት የምድብ 5 ነጥብ እዚህ ይጠቅማል። የላይኛው ነጥብ ከፍታ ሲቀነስ የመሬቱ ከፍታ የዛፉ ቁመት ነው። ከዚያ የምታገኙት ካርታ ዛፉ የት እንደቆመና ምን ያህል ረጅም እንደሆነ በአንድ ጊዜ ይነግራችኋል። ከዝርያው ይልቅ ወሳኙ ቁመቱ ነው፤ 25 ሜትር የሆነውን ጥድ በ12 ሜትር ዛፍ የተካ ሰው ተጫዋቹ በላዩ እንዲመታ መንገድ ከፍቶለታል።

ዲዛይነሮች የዕቃ ብዛት ገደብ አላቸው። ያንን በጀት ከመስመሩ አጠገብ አውሉት፦ የኳስን መንገድ የሚዘጋ ዛፍ አንድ በአንድ በትክክለኛ ቦታው ይተከል፤ ከፌርዌዩ ጠርዝ ከ40 ሜትር በላይ የራቀው ጫካ ግን በስብስብ ቢተከል ማንም አይለየውም። ክለብ ቤትና መንገድ ከዚህ በኋላ ይምጡ፤ ከቲ ላይ ሲታዩ አቅጣጫ የሚሰጡትን ብቻ አትዝለሉ።

ፒንና የግሪን ፍጥነት

ለእያንዳንዱ ግሪን ቢያንስ 4 የፒን ቦታ ምረጡ። ቀዳዳው ከግሪኑ ጠርዝ ቢያንስ 4 እርምጃ፣ 3.5 ሜትር ገደማ ይራቅ፤ በዙሪያው 1 ሜትር ያህል ዝንባሌው አንድ ወጥ ሆኖ ከ3 በመቶ አይለፍ። የግሪን ፍጥነት የሚለካው በስቲምፕሜትር ሲሆን ቁጥሩ ኳሷ የተንከባለለችበት ርቀት በጫማ ነው። ዝንባሌውና ፍጥነቱ ተያይዘው ነው የሚሠሩት፦ በ9 ጫማ ፍጥነት የሚያስደስት 4 በመቶ ተዳፋት በ13 ኳሷን ጨርሶ አያቆማትም። አሮጌ ሜዳዎች የተነደፉት ለዝግተኛ ግሪን ስለሆነ ፍጥነቱን ከፍ ለማድረግ ብላችሁ ዝንባሌውን አታሳንሱ፤ ፍጥነቱን አውርዱ።

ሙከራ

በመጀመሪያው ሙከራ ውጤት አትቁጠሩ። ከኋለኛው ቲ ቆማችሁ ከመሬት ከተነሳው ፎቶ ጋር አስተያዩ፦ የግሪኑ ወለል ይታያል ወይስ ባንዲራው ብቻ? የአድማሱ መስመር የት ነው? በፎቶው የሚታይ ባንከር በጨዋታው ከተደበቀ ብዙውን ጊዜ በመካከል ያለ ጉብታ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

ቀጥሎ ከቲ እስከ እያንዳንዱ ባንከር ማለፊያ ያለውን ርቀት ለኩና ከያርዴጅ መጽሐፍ (የሜዳው ርቀቶች የተጻፉበት መጽሐፍ) ጋር አመሳክሩ። በመጨረሻ ግሪኖቹን ፈትኑ፦ ከአራቱም አቅጣጫ ከ6 ሜትር ፑት አድርጉ፤ በውድድር ቪዲዮ የታየ ፑት ካለ ያንኑ መስመር ድገሙት። ኳሷ በተቃራኒ ከታጠፈች ግሪኑን ከባዶ አትጀምሩ፤ ዝንባሌውን በ0.5 በመቶ እያስተካከላችሁ ሞክሩ።

ሜዳውን ስታወጡ የብዙ ክለቦች ስምና አርማ በሕግ የተጠበቀ የንግድ ምልክት ስለሆነ ሌላ ስም ስጡትና አርማውን አትጠቀሙ። መግለጫው ላይ ሜዳው የየትኛው ዓመት ቅርጽ እንደሆነ፣ ከፍታው ከላይዳር ይሁን በእጅ፣ የግሪኑ ፍጥነት በስንት እንደተስተካከለ ጻፉ። ከዚያ ሜዳውን የተጫወተ ሰው ስህተት ሲጠቁማችሁ የምታርሙት የትኛውን ንብርብር እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ።